ውጭው የቀዘቀዘ ፍሪጅ

ዘንድሮ የፍሪጅ ጥገና ሥራዬን አቁሜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ልጆቹ አስተማሪ መስዬአቸው ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንዷ ዞር ብላ፣ «ማዳም፣ ክፍል ተሳስተው ይሆን?» ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። አልተሳሳትኩም። የምማረው አንድ ቤት ምቾቱ ሳይጓደል በትንሽ ኤሌክትሪክ እንዴት መኖር እንደሚችል ነው። በእጄ የማውቀውን አሁን በስሌት ለማወቅ እየሞከርኩ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ከሥራው ለመውጣት የቆረጥኩትም የእሳቸውን የራሳቸውን ፍሪጅ አይቼ ነው። በዚያ ፍሪጅ ውስጥ የባለቤታቸው የአደይ ለተብርሃን ኢንሱሊን ይቀመጥ ነበር፤ ኢንሱሊኑም መበላሸት ጀምሮ ነበር። የጌታዬን ፍሪጅ «አልቆለታል» ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ጋሽ ተስፋይ የአስመራ ሰው ናቸው። ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛቸው ከእኛ ከብዙዎቻችን የጠራ ነው። ናይሮቢ ከመጡ በኋላ ኢስሊ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሥር ጠባብ ወርክሾፕ ከፈቱ። እኔ ሥራ ፍለጋ ስሄድ አንድ ፍሪጅ ገልብጠው ጀርባውን በብሩሽ ይጠርጉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ሴት ልጅ ፍሪጅ ትሸከማለች?» አሉ።

«ይሸከሙታል እንዴ? እኔ የሚጠገን መስሎኝ።»

ሳቁ። ብሩሹን አቀበሉኝ። ቃለ መጠይቁ ያ ነበር። ስለ ደሞዝ የተነጋገርነው ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብዙም አልነበረም፣ ግን አንድም ጊዜ አልዘገየብኝም።

የጋሽ ተስፋይን አሠራር በዝርዝር ልጻፍ፤ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ከእሱ የተቀዳ ነው። ሰው ቤት ሲገቡ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አይከፍቱም። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይለምናሉ። ውኃውን ፍሪጁ አጠገብ ቆመው ቀስ እያሉ ይጠጣሉ። ባለቤቶቹ ጠምቷቸው ይመስላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሞተሩን እያዳመጡ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል ወይ? ሥራውን ጨርሶ ያርፋል ወይስ እረፍት የለውም? ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በፍሪጁ ጎን ላይ ያሳርፋሉ፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ።

«ለብ ካለ ጤነኛ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሙቀቱን እያወጣ ነው ማለት ነው። ውጭው ከቀዘቀዘ ግን ጓለይ፣ ልጄ፣ ቅዝቃዜው ቤቱን ለቆ እየወጣ ነው።»

ቀጥሎ የወረቀት ፈተና አለ። አንድ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ ያስገቡና ይዘጉበታል፤ ከዚያ ይስባሉ። ወረቀቱ እምቢ ካለ «ይነክሳል» ይላሉ፤ የበሩ ጎማ ደህና ነው ማለት ነው። ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው ደክሟል፣ ቅዝቃዜው ቀን ከሌት በዚያ ይሾልካል። የጀርባውን ፍርግርግ አቧራ ይጠርጋሉ፤ አቧራ የለበሰ ፍርግርግ ሙቀት አያወጣም። ፍሪጁን ከግድግዳው ፈቀቅ ያደርጋሉ። ጋዝ የሚነኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የሌላው ፉንዲ ሁሉ ነገር ጋዝ ነው፤ ገና ደረጃውን ሲወጣ «ጋዝ አልቋል» ይላል። ናይሮቢ ፉንዲ የምትለው ጠጋኝ የተባለውን ሁሉ ነው፤ ጥሩውንም መጥፎውንም።

የእኛን የሐበሾችን ቤት ግን ከሌላው የሚለይ አንድ ነገር ነበረ። ፍሪጃችን ሳሎን ነው የሚቀመጠው፤ ሳሎን ስለሆነ ደግሞ ይለብሳል። በእጅ የተሠራ ዳንቴል ከአናቱ ጀምሮ በጎንና በጎን፣ አንዳንዴም እስከ በሩ ድረስ ይወርዳል። ጫፉ በሩና ጎማው መካከል ገብቶ በሩ ሳይገጥም ያድራል። ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክም «አዲስነቱ እንዳይጠፋ» ተብሎ ሳይላጥ ዓመታት ይኖራል። ጋሽ ተስፋይ ዳንቴሉን እጥፍጥፍ አድርገው ለባለቤቲቱ ያስረክባሉ።

«ጌጥ እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«እመቤቴ፣ እርስዎ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ይሩጡ እስኪ።»

በዚህ አነጋገር የተቀየመ ሰው አላስታውስም። በሚቀጥለው ስንመጣ ዳንቴሉ ወደ ቦታው ተመልሶ እናገኘዋለን እንጂ።

አሁን ስለ እትዬ ዘሀራ ልጻፍ። እትዬ ዘሀራ የሞያሌ ሰው ነበሩ፤ ኢስሊ በሚገኘው ቤታቸው የግመል ወተትና ጭማቂ አቀዝቅዘው ይሸጡ ነበር። ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ ትልቅ፣ ሣጥን የሚመስል ፍሪዘር ነበራቸው። አንድ ቀን ቀጥ አለ። ጋሽ ተስፋይና እኔ ሞተሩን ቀየርን፤ ጎማውን አደስን፤ ጋዙን በልኩ ሞላን። በረዶው ሲይዝ እትዬ ዘሀራ «ማሻ አላህ» ብለው በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። ከሠራናቸው ጥገናዎች ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አንድ ብሎን የምነቅፍበት የለኝም።

ረመዳን ገባ። እትዬ ዘሀራ ለማፍጠሪያ ብዙ ሰው ትእዛዝ ሰጥቷቸው ነበር። ያልቆጠርነው ነገር ፍሪዘሩ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው። እዚህ አገር ኤሌክትሪክ እንደ ስልክ ካርድ አስቀድሞ ይገዛል፣ ቶከን ይሉታል፤ ሲያልቅ መብራቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ያ ፍሪዘር የሞሉትን ቶከን እንደ ጎርፍ ይወስደው ነበር። እትዬ ዘሀራ ለዱቄትና ለስኳር ወጥተው ሲመለሱ ቤቱ ጨልሟል፤ ወተቱ ተበላሽቷል፤ ጭማቂው ፈልቷል፤ በር ላይ ደግሞ ጆግ የያዙ ደንበኞች ቆመዋል። ጠርተውን ሄድን። እኛን አልተቆጡም።

«ወላሂ እናንተ ፍሪዘሩን አድናችሁታል» አሉ። «እኔን ግን ማን ያድነኝ?»

ከበዓሉ በኋላ ንግዱን ዘግተው ወደ ሞያሌ ተመለሱ።

መሄዳቸውን የሰማን ዕለት ከወርክሾፑ ስንወጣ ጋሽ ተስፋይ፣ «ሥራችን ልክ ነበር» አሉኝ። ልክ ነበር። ግን «ያቀዘቅዛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ የገባኝ ያን ቀን ነው። «በምን ያህል ያቀዘቅዛል?» መባል አለበት። ብዙም ሳልቆይ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ ገዛሁ። ዕቃውን እሱ ላይ ትሰኪያለሽ፤ የበላውን ኤሌክትሪክ ይነግርሻል። ጋሽ ተስፋይ አገላብጠው አዩትና፣ «እኔ መዳፍ አለኝ» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ድርጅት ተቀጠርኩ። አለቃዬ ማዳም ዋንጂኩ ፈጣን፣ ጮክ ብለው የሚስቁ ሴት ነበሩ። ላቪንግተን ሰፈር የሚገኝ አንድ ትልቅ ቤት ላኩኝ፤ የተበላሸው የጋራዡ ፍሪጅ ነው። ስከፍተው ውስጡ የቀረ የልደት ኬክና ጥቂት ሶዳ ብቻ ነው ያለው። ለባለቤቱ፣ «ይህ ፍሪጅ ባይጠገንስ? የወጥ ቤቱ ፍሪጅ ግማሹ ባዶ ነው፤ ይህን ብትነቅሉት የኤሌክትሪክ ወጪያችሁ ወዲያው ይቀንሳል» አልኳቸው። ሰውዬው ተስማምተው ነቀሉት። ቢሮ ስመለስ ማዳም ዋንጂኩ ወገባቸውን ይዘው፣

«ፍሪጅ እንድትጠግኚ ልኬሽ ፍሪጅ ቀበርሽ?» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት እኚያ ሰውዬ ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ወክለው ደወሉ። የውኃ ማሞቂያው፣ የምድጃው፣ የአምፖሉ ነገር እንዲታይለት የማይፈልግ አልነበረም። ማዳም ዋንጂኩ ጠርተውኝ፣ «መሲ፣ ቀጥዪ፣ ቅበሪ» አሉኝ። ሥራዬ በዚህ ዓይነት ከጠጋኝነት ወደ መካሪነት ተለወጠ። ሰዎች ቤት እገባለሁ፤ ውኃ እለምናለሁ፤ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ መለኪያዬን እሰካለሁ። የሻወር ራስ ላይ የተገጠመ ማሞቂያ አጭር ጊዜ ቢሠራም ብዙ እንደሚስብ፣ ማሰሮ በክዳን ሲፈላ ምን ያህል እንደሚተርፍ፣ ማንቆርቆሪያን አፉ ድረስ ሞልቶ አንድ ሲኒ መቅዳት ምን እንደሚያባክን፣ ሁሉንም በሰዎቹ ፊት ለክቼ አሳያለሁ። ቁጥሩን በዓይኑ ያየ ሰው አይከራከርም።

በዚህ መሐል ጋሽ ተስፋይ ወርክሾፑን ዘግተው ጡረታ ወጡ፤ ከአደይ ለተብርሃን ጋር ካሳራኒ ሰፈር አንድ አነስተኛ ቤት ተከራዩ። እኔም የምኖረው እዚያው ስለሆነ እሑድ እሑድ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን አደይ ለተብርሃን ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«መሲ፣ ተስፋይ ሳይሰማ ነው የምደውልልሽ። መድኃኒቴን አንቺ ቤት ላስቀምጥ?»

«ምነው አደይ? ፍሪጃችሁስ?»

«ቶከኑን ይበላዋል፤ ሳናውቀው መብራቱ ይጠፋል። እንደገና ስንሞላ ደግሞ ተስፋይ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብሎ መዞሪያውን መጨረሻው ላይ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱ በረዶ ሆነ። ክሊኒክ ስወስደው በረዶ የሠራ ኢንሱሊን አይወጋም፣ ጣዪው አሉኝ።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«የፍሪጅ ጌታ ሚስት መድኃኒቷን ሰው ቤት አስቀመጠች ይባል? እሱ ይህን ሲሰማ ምን ይሆናል?»

መድኃኒቱን ለጊዜው ወሰድኩላቸው። ነገር ግን መርፌያቸውን በፈለጉ ቁጥር ደረጃ ወርደው መንገድ ተሻግረው ሊመጡ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ይታመማል። እንዲህ ሊቀጥል አይችልም።

በሚቀጥለው እሑድ ሄጄ ፍሪጁን አየሁት። ጋሽ ተስፋይ የእግር ጉዞ ላይ ነበሩ። አሮጌ ነው፤ ግን እንደ ሙሽራ ተይዟል። ሞተሩ በእሳቸው እጅ ተቀይሯል፤ ጎማው አዲስ ነው፤ ጀርባው ላይ የአቧራ ምልክት የለም። ላዩ ላይ ደግሞ፣ ምን ይታያል? ዳንቴል! ነጭ፣ ሰፊ፣ በጎኖቹ እስከ መሬት የሚደርስ።

«አደይ፣ ይህን ጋሽ ተስፋይ ፈቀዱልዎት?»

«የሰው ቤቱን ያውልቅ» አሉ ኮራ ብለው። «የእኔን ግን ይሞክረውና እናያለን። አስመራ ሳለሁ በእጄ ነው የሠራሁት።»

ዳንቴሉን በፈቃዳቸው አወረድኩና መለኪያዬን ሰካሁ። ቢሻሻል ብዬ ጥቂት ቀን ተውኩት። ተሻሻለ፤ ግን ትንሽ ነው። ሞተሩ አሁንም እረፍት የለውም። ጥፋቱ የት እንዳለ እጄ ያውቀው ነበር። እኔ ግን ልናገረው አልፈለግሁም። እሳቸው ራሳቸው እንዲያገኙት ነበር የፈለግሁት።

ተመልሼ ስሄድ ጋሽ ተስፋይ ፍሪጁ ፊት ቆመው ጠበቁኝ።

«ይህን ነገር ሶኬቴ ላይ የሰካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ። ፍሪጁ ታሟል።»

«የማን ፍሪጅ? የእኔ?» ሳቃቸው መጣ። ከጋዜጣ ጫፍ ቀደው በሩ ላይ ዘጉበት፤ ሳቡት፤ ወረቀቱ ተቀደደ። «ይነክሳል! ነብር ነው። ጀርባውን እዪ፣ መስታወት ነው። ሞተሩን ስሚ። አንቺ ትምህርት ቤት ልግባ ካልሽ ወዲህ ሰውን ማሳመም ጀመርሽ።»

«ሁሉም ደህና ነው» አልኩ። «እርስዎ ናቸው የሠሩት። ግን ጋሽ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሰው ቤት ይጀምሩት። ከውኃው።»

አዩኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው። አደይ ለተብርሃን አንድ ብርጭቆ ውኃ አመጡላቸው። ጋሽ ተስፋይ ቆመው ጠጡ፤ እንደ ድሮው ቀስ ብለው። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፈኑና መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ። ዳንቴሉ በነበረበት ቦታ ነው። ለዓመታት በዚያ በኩል ተነክቶ አያውቅም፤ የራስን ፍሪጅ ማን እንደ እንግዳ ይዳስሳል?

መዳፋቸው ወደ ታች ወረደ፤ ቆመ፤ ደግሞ ወረደ። ሲያነሡት እርጥብ ነበር። እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«ውጭው ቀዝቅዟል» አሉ።

«ፍሪጅ አይደል እንዴ?» አሉ አደይ። «ቢቀዘቅዝ ምን ይገርማል?»

«መቀዝቀዝ ያለበት ውስጡ ነው፣ ለተ።»

ከዚያ ራሳቸው አስረዷቸው። ፍሪጅ በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል ቅዝቃዜውን የሚይዝ ፎም አለው። ፎሙ ባረጀ ጊዜ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ፎም ደግሞ ቅዝቃዜ አይይዝም። ሞተሩ ምንም ጀግና ቢሆን ቤቱን ሁሉ ሲያቀዘቅዝ ይኖራል። ሞተር ይቀየራል፤ ጎማ ይቀየራል፤ ፎም ግን አይቀየርም።

«እኔ ፍሪጅ ሞቷል ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ» አሉ ጋሽ ተስፋይ። ቁጭ አሉ። «ዘሀራ ትዝ ትልሻለች?»

«ትዝ ይሉኛል።»

«እኔም።» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «መድኃኒትሽ የት ነው ያለው?»

አደይ ለተብርሃን ወደ እኔ አዩ። እኔም ወለሉን አየሁ።

«ገባኝ» አሉ ጋሽ ተስፋይ። ተነሡና ሶኬቱን በራሳቸው እጅ ነቀሉት። ሞተሩ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። ቤቱ ምን ያህል ሲጮህ እንደኖረ ያወቅነው ያኔ ነው።

በማግስቱ ሦስታችንም የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄድን። ሻጩ ወደ ትልቁ፣ ባለ ሁለት በር ወደሆነው ሲመራን ጋሽ ተስፋይ፣ «እኛ ሁለት ሰው ነን እንጂ ሰርግ አይደለንም» ብለው መለሱት። በሩ ላይ የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ቁጠባ የኮከብ ምልክት እንዴት እንደሚነበብ አሳየኋቸው። ኮከቡ ብቻ አይበቃም፤ በዓመት የሚበላው ቁጥርም አለ። ትልቅ ፍሪጅ ኮከቡ ቢበዛም ከትንሹ በላይ ሊበላ ይችላል። ቁጥሩን እያነጻጸሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ይህን ነው ልትማሪ የምትገቢው?» አሉ። «ይህን እኔ አውቀው ነበር» አልኩ። «ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የምማረው።» ደስ አላቸው። ያነሰውን መረጡ፤ ሞተሩ እየበራ እየጠፋ ሳይሆን እንደ አስፈላጊነቱ ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር ዓይነት ነው። ክፍያው በየወሩ በስልክ ነው፤ ቶከን ላይ የሚተርፈው አብዛኛውን ይሸፍነዋል።

ከፋብሪካ የመጣውን ላስቲክ ጋሽ ተስፋይ እዚያው ላጡት። አደይ ለተብርሃን ፊታቸውን አዞሩ። ኢንሱሊኑን መልሼ አመጣሁና ከጀርባው ግድግዳ ራቅ አድርጌ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። አዲሱ ፍሪጅ ግን ድምፅ የለውም፤ ይህ አደይን ረፍት ነሣቸው። «ጠፍቷል» እያሉ በየደቂቃው ይከፍቱታል።

«ዝጊው ሴትዮ! በሩን በከፈትሽ ቁጥር ነው የሚደክመው።»

«መሥራቱን በምን ልወቅ ታዲያ?»

ጋሽ ተስፋይ የአደይን እጅ ያዙና በፍሪጁ ጎን ላይ አሳረፉላቸው። የዚህ ዓይነቱ ሙቀቱን የሚያወጣው በጎኖቹ ነው።

«ለብ ይላል» አሉ አደይ።

«እንግዲህ ጤነኛ ነው።»

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ዳንቴሉ። ጎኖቹ ሙቀት የሚያወጡ ፍሪጅ ጨርቅ ሊለብስ አይችልም። አደይ ለተብርሃን ይህን ሲሰሙ አጣጠፉት። እኔ ደግሞ አሮጌውን ፍሪጅ ለመንኳቸው። ጋሽ ተስፋይ ጋዙን ወደ አየር ሳይለቁ በጥንቃቄ ቀድተው ሞተሩን አወጡለት፤ ከዚያ ሁለት ወጣት ተሸካሚዎች እኔ ክፍል አደረሱት። መደርደሪያዎቹ ላይ አሁን መጽሐፎቼና ደብተሮቼ ተደርድረዋል። ከላይ እስከ ታች ዳንቴሉን ለብሷል፤ እዚህ ማንንም አይጎዳም።

ባለፈው እሑድ ሁለቱም ሊጠይቁኝ መጡ። አደይ ለተብርሃን መርፌያቸውን ቤታቸው ተወግተው ነው የመጡት። ጋሽ ተስፋይ ከደብተሬ ጫፍ ሳያስፈቅዱኝ ቀደዱና የአሮጌውን ፍሪጅ በር ዘጉበት፤ ሳቡ።

«አሁንም ይነክሳል» አሉ።

«ያዝ ያርጋት» አሉ አደይ ወደ እኔ እያዩ። «ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳይለቃት።»